ስለ አስቸጋሪ በቅሎ አያያዝ

አንባቢ ሆይ፥ አንተ ምናልባት በከተማ ተቀምጠህ በመኪና የምትሄድ ሰው ነህና፥ የበቅሎ ነገር ምን ያገባኛል ትል ይሆናል። ነገር ግን ይህን ትምህርት እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አንብበው። በአዲስ አበባ እንኳ በቅሎ ቤት የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙ እስከ ዛሬ ከአፋችን አልጠፋም። ከደባርቅ ተነሥተህ ወደ ስሜን ተራራ ብትሄድ፥ ወይም በላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም ብትወጣ፥ በቅሎ የሚያከራይ ሰው ዛሬም መንገድ ዳር ቆሞ ታገኛለህ። መኪና በማይገባበት ገጠርም እህሉና ዕቃው የሚጓዘው በበቅሎ ጀርባ ነው። ከዚህም በላይ፥ ሰው በእጁ ሥር ያለውን፥ አፍ አውጥቶ መናገር የማይችለውን ፍጥረት እንዴት እንደሚይዝ የልቡን ጠባይ ይገልጠዋልና፥ ነገሩ ባለ በቅሎዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም።

እኔ ይህን የምጽፍልህ ባልደራስ አይደለሁም። ፊደል ቈጥሬ በትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። በጐልማሳነቴ ግን በአንድ ደጋ አገር በሚገኝ የእርሻ ግቢ አራት ዓመት ተቀምጬ የሰባት በቅሎዎች ኀላፊ ሆኜ ነበር። በቅሎዎቹ መንገድ ወደሌላቸው መንደሮች መድኃኒትና መጻሕፍት ይጭኑ ነበር። ከሰባቱ አምስቱ ክፉ ስም ነበራቸው፤ አንዲቱ ተናካሽ፥ አንዲቱ ተራጋጭ፥ አንዲቱ ደንባራ፥ አንዲቱ እልኸኛ፥ አንዲቱም ከጓደኛዋ አልለይም ባይ ትባል ነበር። ይህን ስም ያወጣንላቸው እኛው ነን። እንግዲህ ከዚህ በታች የምነግርህ ከጥበቤ ያገኘሁትን ሳይሆን ከስሕተቴ የተማርሁትን ነው።

1ኛ፤ በቅሎ ምን ዓይነት ፍጥረት እንደ ሆነች ስለ ማወቅ

የበቅሎ እናቷ ባዝራ፥ አባቷ አህያ ነው። የዘርን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስተምሩን፥ በፈረስ ሕዋስ ውስጥ 64፥ በአህያ ሕዋስ ውስጥ 62 ክሮሞሶም አለ፤ በቅሎ ግን ከሁለቱ እኩሌታ እኩሌታውን ወስዳ 63 ስለ ወረሰች፥ እጅግ ጥቂት ከሆኑት በቀር፥ አትወልድም። ሰዎች፥ በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እያሉ ይተርቱባታል። ተረቱ የተነገረው ትውልዱን ለሚደብቅ ሰው ነው። የበቅሎ ጠባቂ ግን አባቷን ሊረሳ አይገባውም፤ አስቸጋሪ ከሚባለው ጠባይዋ ብዙው ከአባቷ በኩል የመጣ ጥንቃቄ ነውና።

ፈረስ በደነገጠ ጊዜ ይሮጣል። አህያ ግን ብዙ ጊዜ ቆሞ ያያል፤ ነገሩን ሳይለይ እግሩን አያነሣም። በቅሎም ከእናቷ ቁመትንና ፍጥነትን፥ ከአባቷ ይህን ጥንቃቄ ወርሳለች። ስለዚህ በድልድይ አፍ ላይ ቆማ እምቢ ስትል እኛ ግትር እንላታለን፤ እርስዋ ግን ድልድዩ ይችላት እንደ ሆነ ትመረምራለች። በገደል አገር ሰው ከፈረስ ይልቅ በቅሎን የሚመርጠው በዚሁ ጠባይዋ ምክንያት ነው። እንግዲህ በገደል ላይ የምናመሰግነውን ጠባይ በድልድይ ላይ በዱላ መቅጣት ፍርድን ማጣመም አይደለምን?

ደግሞም በቅሎ አእምሮ የጐደላት አይደለችም። በእንግሊዝ አገር ያሉ ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፥ ፈረሶችን፥ አህዮችንና በቅሎዎችን ልዩ ልዩ ምልክቶች ጥንድ ጥንድ አድርገው እያሳዩ በመብል ቢፈትኗቸው፥ ከሁለቱም ወገን ይልቅ በቅሎዎች ብዙ ጥንድ ለይተው ተማሩ። ፈጥኖ የሚማር ግን ደጉን ብቻ አይማርም፤ ክፉውንም ይማራል። አንድ ቀን በጭካኔ ያደረግህባትን ብዙ ቀን በደግነት ማስረሳት ያስቸግርሃል።

2ኛ፤ ስም ከማውጣት አስቀድሞ ምክንያትን ስለ መፈለግ

በቅሎ ስታስቸግርህ አራት ነገር ጠይቅ። ያመማት ነገር አለን? የምትፈራው ነገር አለን? ተርባለችን ወይስ ተጠምታለች ወይስ ደክማለች? ከዚህ ቀደም ሰው በድሏታልን? ከእነዚህ ከአራቱ በአንዱ የማይገኝ ክፋት በእውነት ጥቂት ነው። ይህን ባለመጠየቄ ምን እንደ ደረሰብኝ ልንገርህ።

ከሰባቱ ተናካሽ የምትባለው ዳማ ነበረች። ኮርቻ ሲጫንባት ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ትነክሳለች፤ የሆድ ጠፍሩ ሲጠብቅም ትራገጣለች። እኔም አፍዋን በገመድ አሳስሬ አስጫንኋት፤ ባስቸገረችም ጊዜ በዱላ አስመታኋት። በግቢው ቀን እየሠራ ማታ የሚማር አንድ የ15 ዓመት ልጅ ነበረ። አንድ ቀን ወደ እኔ መጥቶ፥ «ጋሼ፥ የዳማዋ ኮርቻ ይንቋቋል፤ እንጨቱ የተሰነጠቀ ይመስለኛል» አለኝ። እኔ ግን መጽሐፍ እያነበብሁ ነበርና ቀና ብዬ እንኳ ሳላየው፥ «አንተ መጫኑን እወቅ» አልሁት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ማለዳ በችኰላ መድኃኒት እንዲጭን አዘዝሁት። ጠፍሩን በሳበ ጊዜ በቅሎይቱ ረገጠችው፤ የቅልጥሙም አጥንት ተሰበረ። በቃሬዛ አሸክመን ወደ ሐኪም ቤት ከሰደድነው በኋላ፥ እኔ በቁጣ ተነሥቼ፥ ይህችን ክፉ በቅዳሜ ገበያ አውጥቼ እሸጣታለሁ ብዬ ቈረጥሁ።

ዕድሜአቸውን ሁሉ በቅሎ ሲነዱ የኖሩ አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ይህን ሰምተው መጡ። «ለሚገዛህ ሰው ልጅ እንደ ሰበረች ትነግረዋለህን?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም የምመልሰው አጥቼ ዝም አልሁ። ሽማግሌው ሌላ ቃል አልጨመሩም። ወደ ዳማዋ በጐኗ በኩል ቀረቡ፤ ቀስ ብለው እያናገሯት መዳፋቸውን በአንገቷ ላይ አኖሩ፤ ጥቂት በጥቂትም ወደ ጀርባዋ አሻገሩት። ጠጕሯ ደኅና ነበረ፤ ቁስልም አይታይባትም። ጣታቸው ከትከሻዋ በላይ ካለው ስፍራ በደረሰ ጊዜ ግን ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ፤ ጀርባዋንም ወደ ታች አጐበጠች። «እጅህን አምጣ» አሉኝ። ከቆዳው ሥር የሚያተኵስ እብጠት ነበረ። ኮርቻውን ገልብጠን ባየን ጊዜም እንጨቱ ተሰንጥቆ፥ ስለቱ ጨርቁን በስቶ ወጥቶ ነበር። ሽማግሌውም፥ «ልጄ፥ ይህች ስትነግርህ ከርማለች፤ የሚሰማት አጣች እንጂ» አሉኝ። ልጁም አስቀድሞ ነግሮኝ እንደ ነበረ በዚያች ሰዓት ትዝ አለኝ።

አንባቢ ሆይ፥ በኦሪት ዘኍልቍ የተጻፈውን የበለዓምን ታሪክ ታውቀዋለህ። በመንገዱ ላይ የቆመውን መልአክ አህያይቱ አየችው፤ ነቢይ የተባለው ሰው ግን አላየውም፤ ሳያይም ሦስት ጊዜ መታት። እኔ ይህን ታሪክ ለሌሎች ብዙ ጊዜ አስተምሬው ነበር። በዚያ ቀን ግን በለዓም እኔ እንደ ነበርሁ አወቅሁ።

ወደ ሐኪም ቤት ሄጄ ልጁን ይቅርታ ለመንሁት። እርሱም ስለ እግሩ አንዳች ሳይናገር፥ «ጋሼ፥ ዳማዋን እንዳይሸጧት» አለኝ። አጥንቱ ገጠመለት፤ ነገር ግን በብርድ ወራት ዛሬም ጥቂት ያነክሳል። ዳማዋም ኮርቻ ሳይነካት ሁለት ወር ዐረፈች፤ እብጠቱንም የእንስሳት ሐኪም አከመላት። ከዚያ በኋላ ያለ ልጓም በእጄ ገብስ እያበላሁ፥ ባዶውን ጨርቅ በጀርባዋ ላይ አኑሬ መልሼ እያነሣሁ፥ እንደ ገና አስለመድኋት። ይህ ሥራ እስከ ስድስት ወር ፈጀብኝ። ነገር ግን ከግራዋ በኩል እጄን በድንገት ባነሣ፥ አብረን እስከ ተለያየንበት ቀን ድረስ ትደነግጥ ነበር።

3ኛ፤ ስለ ልዩ ልዩ ጠባይ

ስለ ደንባራ። ለደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮላት የሚለው ተረት እውነት ነው፤ በድንጋጤ ላይ ድንጋጤ አትጨምርባት። የበቅሎ ዓይን በራሷ ጐንና ጐን ስለ ሆነ ዙሪያዋን ታያለች፤ ነገር ግን በስተኋላዋ በቀጥታ ያለውንና በግንባሯ ሥር የቀረበውን አታይም። ስለዚህ ከኋላዋ ድንገት አትምጣባት፤ ድምፅህን እያሰማህ ወደ ትከሻዋ በጐን ቅረብ። የምትፈራውን ነገር፥ ጃንጥላ ቢሆን ወይም ላስቲክ፥ ከሩቅ ቆማ ትየው፤ ጆሮዋን አዝናንታ አንገቷን ዝቅ ስታደርግ ጥቂት አቅርበው፤ ስትጨነቅም መልሰህ አርቀው። በአንድ ቀን ልጨርስ አትበል።

ስለ ተራጋጭ። ሰው በማይደርስበት ርቀት ሆነህ አስቀድመህ ገላዋን መርምር። ገጣባ፥ የሰኰና ቁስል፥ መዥገር ወይም ከጭራዋ ሥር የሚያልፈው ጠፍር የላጠው ቆዳ እንዳለ ተመልከት። እግሯን ማንሣት ስትሻ ከሰኰናዋ አትጀምር፤ ከትከሻዋ ጀምረህ በመዳፍህ እየዳሰስህ ውረድ፤ እግሯን ከመንጠቋ በፊትም አንተው አስቀድመህ ልቀቃት። ገጣባውን አፍልተህ ባቀዘቀዝኸው ጥቂት ጨው ባለበት ንጹሕ ውሃ እጠበው፤ እስኪድንም አትጫናት። በጋለ ብረት መተኰስ ሕመም ይጨምራል እንጂ አይፈውስም።

ስለ ተናካሽ። ብዙ ጊዜ ንክሻ የሚመጣው ከጀርባ ሕመም፥ ከጥርስ ሕመም ወይም ከመብል ሽሚያ ነው። ልጓም ሲገባባት ራሷን የምትወረውር እንደ ሆነ፥ የመንጋጋዋ ጥርስ ሾሎ ጕንጯን አቍስሎ ይሆናልና ሐኪም ይይላት። ብዙ በቅሎዎች በአንድ ገንዳ የሚበሉ ከሆነ ደካማይቱን ለይተህ አብላት። ነገር ግን ይህን ተጠንቀቅ፤ ገራም የነበረች በቅሎ ባንድ ጊዜ ጠባይዋ ተለውጦ ያገኘችውን ሁሉ ብትነክስ፥ ብታንገዳግዳት ወይም ለሐጯን ብታዝረበርብ፥ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ እጅህን ወደ አፍዋ አታግባ፤ ሰውን ሁሉ አርቀህ የእንስሳት ሐኪም ጥራ፤ የነከሰችውም ሰው ቢኖር ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ስለ እልኸኛ። አልሄድም ብትል ከፊቷ ቆመህ ዓይን ዓይኗን እያየህ አትጐትታት፤ እርስዋ ከአንተ ትከብዳለችና በጕተታ አታሸንፋትም። አስቀድመህ ከፊቷ ያለውን ተመልከት፤ ጭቃው ጥልቅ፥ ድንጋዩም የሚንሸራተት እንደ ሆነ እውነቱ ከእርስዋ ጋር ነው። መንገዱ ደኅና ከሆነ ግን በጐኗ ቆመህ ገመዱን በቀስታ ሳብ፤ አንዲት እርምጃ እንዳነሣች ወዲያው አላላላት። ትምህርቱ በመሳቡ ሳይሆን በማላላቱ ውስጥ ነው። እየሄደችም ገመዱን ብትስብባት፥ መታዘዝም አለመታዘዝም አንድ ነው ብላ ትማራለች። ሸክሟንም መዝነው፤ ለረጅም ጕዞ ከራሷ ክብደት አምስተኛው እጅ ያህል ቢሆን መልካም ነው። 250 ኪሎ የምትመዝን በቅሎ 50 ኪሎ ያህል ብትሸከም አይከብዳትም።

ስለ አልለይም ባይ። በቅሎ ብቻዋን መሆን አትወድም፤ ይልቁንም ከባዝራ ጋር ትጣበቃለች። በአሜሪካ አገሮች የነበሩ በቅሎ ነጂዎች ይህን ስላወቁ፥ በአንዲት ባዝራ አንገት ቃጭል አስረው ከፊት ያስኬዷት ነበር፤ በቅሎዎቹም ድምፁን እየሰሙ ይከተሏታል፤ ሌሊትም ከእርስዋ ርቀው አይሄዱም። ተመልከት፤ ለደንባራይቱ ሽብር የሆነው ቃጭል ለእነዚህ መጽናኛ ሆነ። ነገሩ ከቃጭሉ ሳይሆን ከአለማመዱ ነው። አንተም ከጓደኛዋ ስትለያት መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ፥ በኋላም ለበለጠ ጊዜ ለያት፤ ስትመለስም ጓደኛዋን እንደምታገኝ ትማር።

4ኛ፤ ስለ ጠባቂው ጠባይ

በቅሎ ማሰሪያዋን ብትበጥስ ለራሷ አሳጠረች ይላሉ። እውነት ነው፤ የተበጠሰው ገመድ ተቋጥሮ ያጥራል። ነገር ግን ገመዱን ለምን በጠሰች ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት በመጡ ጊዜ፥ በ1867 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከልዩ ልዩ አገር የገዟቸውን በሺህ የሚቈጠሩ በቅሎዎች በቀይ ባሕር ዳር በዙላ አራገፉ። በዚያ በረሃ በቂ ውሃና በቂ ጠባቂ አልተሰናዳላቸውም ነበርና፥ ብዙዎቹ ማሰሪያቸውን በጥሰው ውሃ ፍለጋ ተበተኑ፤ ብዙዎቹም በጥማትና በበሽታ አለቁ። እነዚያ በቅሎዎች አስቸጋሪዎች ነበሩን? ወይስ ያስቸገራቸው አሳባቸውን በጕዞው ላይ ብቻ አድርጎ ውሃቸውን የረሳ ሰው ነበረ?

ስለዚህ አራት ነገር በራስህ ላይ ሕግ አድርግ። መጀመሪያ፥ አንተ ከመብላትህ በፊት የእርስዋን ውሃና ድርቆሽ ተመልከት፤ ሆዷ ጥቂት በጥቂት ሲበላ የሚስማማው ነውና ከረኃብ በኋላ ብዙ እህል ባንድ ጊዜ አትስጣት። ሁለተኛ፥ ኮርቻውን ከመጫንህ በፊት ገልብጠህ በመዳፍህ ዳስሰው፤ ካራገፍህም በኋላ ጀርባዋን ዳስስ። ሦስተኛ፥ በተቈጣህ ጊዜ ገመዱን ለሌላ ሰው ስጥና ራቅ ብለህ ቁም። በቅሎ ሕመሟን ሸሽጋ የምትችል ፍጥረት ናት፤ የአንተን ቁጣ ግን አንተ ሳታውቀው እርስዋ ታውቀዋለች። አራተኛ፥ ከአንተ በታች ያለው፥ እረኛም ቢሆን ልጅም ቢሆን፥ ስለ እንስሳይቱ አንድ ነገር ቢነግርህ መጽሐፍህን አጥፈህ ስማው። ውሎው ከእርስዋ ጋር ነውና ከአንተ ይልቅ ያውቃታል።

ይህን ሁሉ አድርገህ የማትመለስ በቅሎ አትገኝም አልልህም። ከደረሰባት ጭካኔ የተነሣ ሰው የማትታመን፥ ሕፃናት ባሉበት ግቢ ልትኖር የማይገባት አለች። ለእንደዚህ ያለችው የሚስማማትን ሥራና የሚችላትን ሰው ፈልግላት። ብትሸጣት ግን ጠባይዋን ለሚገዛው ሰው ሳትሸሽግ ንገረው፤ ዋጋዋ ቢቀንስ ይቀንስ። ተራጋጭ በቅሎን ገራም ብሎ የሸጠ ሰው የወንድሙን እግር በብር ሸጧል። እኔ ወደዚህ ኀጢአት አንድ ቅዳሜ ቀርቶኝ ነበር፤ የመለሰኝም የሽማግሌው አንዲት ጥያቄ ናት።

አንተም በቅሎ ባይኖርህ፥ በእጅህ ሥር ያለ አንድ ፍጥረት አይጠፋም፤ ሎሌ ይሆናል፥ ተማሪ ይሆናል፥ ታናሽ ወንድም ይሆናል። ሰነፍ ወይም ክፉ ብለህ ስም ያወጣህለት ካለ፥ ዛሬ ማታ ወደ እርሱ ሂድና የሚያመውን ጠይቀው፤ ከኮርቻው ሥር ምን እንዳለ ሳታይ አትፍረድበት።